ኦይል ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት ጌጅ ግጠሙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። ደብዳቤውን የምጽፈው ለውድድር መኪና ስለሚያዘጋጁ ወጣቶች ነው። ጋዜጣችሁን ያነባሉ። ስለ መኪና የተጻፈ ነገር ሲያገኙ ገጹን ይዘውልኝ ይመጣሉ። እኔ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ ከምናገረው እናንተ አንድ ጊዜ ብታትሙት ለብዙ ሰው ይደርሳል።

በቅርብ ጊዜ የውድድር መኪና ላይ ኦይል ኩለር፣ ማለትም የሞተሩን ዘይት የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር፣ መግጠምና የዘይት ፊልትሮውን ከሞተሩ አርቆ ሌላ ቦታ ማሰር እየተለመደ መጥቷል። ሥራው ራሱ ጥሩ ነው። በትክክል ከተሠራ ሞተር ያድናል። አሁን በብዛት የማየው አገጣጠም ግን ሞተር የሚገድል ነው። ሲብስ ደግሞ መኪናውን ከነነጂው እሳት ውስጥ ሊከት ይችላል። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ልፋቱ ተለፍቶ መጨረሻው ይህ መሆን የለበትም።

ባለፈው በጋ አንድ ወጣት ኮሮላ ይዞ መጣ። 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ የኋላ ወንበሩ የወጣ፣ ውስጡ የተራቆተ። በተዘጋ ሜዳ ለሚደረግ ውድድር ያሰናዳው ነው። በካርቶን ሙሉ ዕቃ ተሸክሟል። ኩለር አለ፣ የፊልትሮ መያዣ አለ፣ ፊልትሮው በነበረበት ታስሮ ዘይቱን ወደ ቱቦ የሚያወጣ አዳፕተር አለ፣ ሰማያዊና ቀይ ጫፍ ያላቸው ቱቦዎችም አሉ። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይገጠምልኝ» አለኝ። «ዘይትህ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውሃውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ነው። ለዘይት ያለችው ያቺ ቀይ መብራት ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የውሃ ጌጅ ስለ ዘይት አይናገርም። ውሃውን ቴርሞስታት፣ በሙቀት ልክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ፣ ስለሚቆጣጠረው 85 እና 90 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ዘይቱ ግን ተቆጣጣሪ የለውም። በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዘንግ) እና ዘንጉ በሚሽከረከርበት ብሮንዚና መካከል ይጨመቃል፣ ከፒስተን ሥር ያለውን ሙቀት ይሸከማል፣ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ይግላል። ውሃው ደህና እየመሰለ ዘይቱ 140 ሊደርስ ይችላል። ቀይዋ መብራት ደግሞ የምትበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ገደማ ሲወርድ ነው። በደቂቃ 6000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር ግፊቱ እዚያ ድረስ ከወረደ መብራቷ የምትነግራችሁ ያለቀ ነገር ነው።

ስለዚህ ካርቶኑን አስቀመጥነውና መጀመሪያ ጌጅ ገጠምን። የግፊቱን የመብራቱ ስዊች ባለበት ቀዳዳ ላይ በቲ መገጣጠሚያ አወጣነው። የሙቀቱን ሴንሰር ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ፣ በኮፓው ላይ አሰርነው። ከዚያ በጎንደር መንገድ እስከ ወረታ ደርሰን ተመለስን። ዘይቱ 95 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። በተዘጋ ሜዳ ልምምድ ሲያደርግ ግን ሌላ መኪና ሆነ። ሙቀቱ እየወጣ 138 ደረሰ። ዘይቱ ስለቀጠነ በዚያው ዙር የነበረው ግፊትም ወረደ። ያኔ ኩለር እንደሚያስፈልገው በዓይናችን አየን።

ቁጥሮቹን በቀላሉ ላስቀምጣቸው። የሞተር ዘይት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሲሠራ ጤነኛ ነው። በውድድር ላይ 120 ድረስ ችግር የለውም። ከ130 ሲያልፍ በጣም ይቀጥናል፣ ቶሎም ያረጃል። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በሌላ በኩል ዘይቱ ሁልጊዜ ከ80 በታች ከሆነ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተኖ አይወጣም። ኮፓው ሥር ጭቃ የመሰለ ነገር ይጋገራል። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ለምትመላለስ የከተማ መኪና ኩለር መግጠም እንግዲህ ጉዳት ነው። እንደዚህ ያሉ ልጆች መጥተው ያውቃሉ፤ ገንዘባቸውን ይዘው እንዲመለሱ መክሬ ሸኝቻለሁ።

ወደ ልጁ ካርቶን ልመለስ። ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ስናያቸው ትልቁ ስህተት አዳፕተሩ ውስጥ ተገኘ። አዳፕተሩ ቴርሞስታት አለው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ቱቦው ሳይወጣ እዚያው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ እንዲመለስ፣ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ወደ ኩለሩ እንዲሄድ ያደርጋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የተሠራው ፊልትሮው እዚያው በላዩ ላይ ለሚታሰርበት አገጣጠም ነው። ፊልትሮው ርቆ ከኩለሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆነስ? ቴርሞስታቱ ዘይቱን ወደ ኩለሩ ሳይልክ በአቋራጭ ሲመልሰው ፊልትሮውም አብሮ ይዘለላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ጊዜ ሁሉ አብዛኛው ዘይት ሳይጣራ ይዞራል ማለት ነው። ደግሞ የሞተር ብረት ብዙ የሚፋቀው ያኔ ነው፣ ገና ሲነሳ።

ይህን ዕቃ የሸጠለት ሱቅ አዳፕተሩንና የፊልትሮ መያዣውን ለየብቻ ገዝቶ አንድ ላይ አስገብቶ ነው የሰጠው። ማንም ቆም ብሎ ዘይቱ በየት እንደሚዞር በእርሳስ አልሳለም። እኔ ለሁሉም የምለው ይህን ነው። ወረቀት አውጡና ሳሉ። ፊልትሮውን ከሞተሩ ማራቅ ከፈለጋችሁ አዳፕተሩ ያለ ቴርሞስታት ይሁን። ቴርሞስታቱ ለብቻው፣ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ኩለሩን ብቻ እንዲያዘልል ሆኖ ይገጠም። ፊልትሮው ግን ሞቀም ቀዘቀዘም ዘይቱ ሁሉ የሚያልፍበት መሆን አለበት።

ቅደም ተከተሉም ያከራክራል። አንዳንዱ መጀመሪያ ፊልትሮ፣ ከዚያ ኩለር ይላል። ምክንያቱ ኩለሩ ንጹሕ ዘይት ብቻ እንዲያገኝ ነው። እኔ ከሞተሩ የወጣው ዘይት ወደ ኩለር፣ ከኩለር ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ሞተር እንዲሄድ አደርጋለሁ። አዲስ ኩለርና አዲስ ቱቦ ውስጥ የብረት ብናኝና የጎማ ፍርፋሪ አይጠፋም። ያ ነገር ብሮንዚና ጋ ከመድረሱ በፊት መያዝ አለበት። አንድ ጊዜ ብሮንዚና የበላ ሞተር ላይ የነበረ ኩለር ደግሞ አጥቦ መልሶ መግጠም የለም። በጠባብ መተላለፊያዎቹ የተደበቀውን ብረት አጥቦ መጨረስ አይቻልም። ይጣላል።

አሁን ወደ ቱቦው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሦስት ቱቦ ማለት ስድስት ጫፍ ማለት ነው። በፊት ሞተሩ ላይ አንድ የፊልትሮ ጎሚኒ (የማሸጊያ ጎማ) ብቻ ነበር። አሁን ዘይት ሊወጣ የሚችልበት ቦታ በዝቷል። ልጁ ያመጣው ቱቦ ላዩ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ ያምራል። ጫፉ የታሰረው ግን በፋሸታ፣ በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት ነው። የሙቀት ልክ አልተጻፈበትም፤ የግፊት ልክም አልተጻፈበትም። ቁራጭ ቆርጠን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈን አሳደርነው። ጠዋት አብጦ፣ ለስልሶ ተገኘ። የራዲያተር ውሃ ቱቦ የሚሠራበት ኢፒዲኤም የሚባል ጎማ ልክ እንዲህ ነው። ለውሃ ምርጥ ነው፤ ዘይት ግን ይበላዋል። ይህን ሙከራ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁራጭ ለምኑ።

ሞተር ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ግፊቱ 5 ባር እና ከዚያ በላይ ይወጣል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው እስከ 2 ባር ተኩል ገደማ ነው። በፋሸታ የታሰረው ቱቦ የዚያን እጥፍ ይሸከማል፣ ያውም እየተንቀጠቀጠና እየጋለ። ቢያመልጥ ፖምፑ ኮፓው ውስጥ ያለውን ዘይት ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውጭ ይተፋዋል። የሞተር ዘይት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚነድ ትነት ይሰጣል። በውድድር ላይ ያለ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ከ500 ያልፋል። መሬት ላይ የፈሰሰው ዘይት ደግሞ ከኋላ ለሚመጣው ነጂ ነው የሚተርፈው። እሱ ምንም ሳያጠፋ መሪው ከእጁ ይወጣል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለሎደርና ለኤክስካቫተር የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቁ ቤቶች ከተማችን ውስጥ አሉ። እነሱ ጋ ያለው፣ አፉ በ37 ዲግሪ ማዕዘን የተቆረጠ፣ ጄአይሲ የሚባል መገጣጠሚያ ለውድድር መኪና ከሚሸጠው ኤኤን ከሚባለው መገጣጠሚያ ጋር ይገጥማል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ተራው የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠራው እስከ 100 ዲግሪ ነው። ለጋለ የሞተር ዘይት አይበቃም። ውስጡ ቴፍሎን፣ ላዩ የማይዝግ ብረት ሽቦ የሆነውን ጠይቁ። ቱቦው ላይ 100አር14 የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል። ዋጋው ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ኩለሩ ያገለገለ ይሁን፣ ቱቦው ግን አይሁን። ልጆቻችን የሚያደርጉት ተገላቢጦሹን ነው። ለሚያብረቀርቀው ኩለር ይከፍላሉ፣ ቱቦው ላይ ይቆጥባሉ።

የቱቦው የውስጥ ስፋትም ከ12 ሚሊሜትር አይነስ፤ 14 ቢሆን ይሻላል። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ መራቅ ካልቻለ ሙቀት መከላከያ ይልበስ። ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ ስለሚወዛወዝ ቱቦው ተወጥሮ አይታሰር። 37 ዲግሪ አፍ ላይ ቴፍሎን ቴፕ አትጠቅልሉ። ብረት በብረት ነው የሚዘጋው። የቴፑ ቁራጭ ተበጥሶ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ ይገባል።

የብሎን ጥርስ ነገርም አለ። ብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የፊልትሮ ብሎን 3/4 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ ነው። ሌሎች ብዙ መኪኖች ደግሞ 20 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ በየ1.5 ሚሊሜትሩ የሆነ ብሎን ይጠቀማሉ። በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። 20 ሚሊሜትር አፍ ያለው አዳፕተር 3/4 ብሎን ላይ ይገባል፣ ትንሽም ይይዛል። ግፊት ሲመጣ ግን ይነቀላል። ከተጠራጠራችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱና የጥርስ መለኪያ ይደረግበት።

ኩለሩ የት ይቀመጥ? አብዛኛው ሰው ራዲያተሩ ፊት ለፊት ይለጥፈዋል። ከዚያ ውሃው መጋል ይጀምራል፤ ራዲያተሩ ከኩለሩ ያለፈ ሞቃት አየር ነው የሚያገኘው። በአገራችን መንገድ ብዙ ዘመን የኖረችው ትንሿ ቮልስዋገን ይህን ታስተምራለች። የእሷ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ኦይል ኩለር ከፋብሪካው ነበራት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ኩለሩ ወደ ሲሊንደር የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነበር የቆመው። ከኋላው ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር የሞቀ አየር እየደረሰው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግል ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኩለሩን ከዚያ አውጥቶ የራሱ አየር መንገድ ሠራለት። እኛም የልጁን ኩለር ከራዲያተሩ ፊት አንስተን ባምፐሩ ጎን ባለው ክፍት ቦታ አስቀመጥነው። አየር እንዲገባ ብቻ አይደለም፤ ገብቶ የሚወጣበትም መንገድ ቆርጠን ሠራን። የቱቦ አፎቹን ወደ ላይ አዞርናቸው፤ አየር ታምቆ እንዳይቀር። መቀመጫውን በጎማ ላይ አደረግነው። በየጊዜው ደግሞ በክንፎቹ መሀል የገባው አቧራና ነፍሳት መታጠብ አለበት። በጣና ዳርቻ ምሽት ላይ የነዳ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ከውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ የሚያነቡ ልጆች የኩለር መጠን ሲመርጡ ከፍታውን እንዳይረሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ይብሳል። በአንድ ሰከንድ በኩለሩ የሚያልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። ሞተሩም አየር እየጨመቀ የሚያስገባለት ተርቦ ከሌለው ኃይሉ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ነገሩ በከፊል ይካካሳል። ተርቦ ላለው ግን አይካካስም። እሱ ትልቅ ኩለር ያስፈልገዋል።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ወዲያው አይነሳም። ኩለሩና ቱቦው ባዶ ናቸው። ነዳጁን አቋርጡና ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ አዙሩት። እያረፋችሁ አዙሩት፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል። ከዚያ አስነሱ፣ መገጣጠሚያዎቹን በባትሪ መብራት አንድ በአንድ እዩ፣ አጥፉ፣ የዘይቱን ልክ እንደገና ለኩ። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተጨማሪ ይወስዳል።

ኩለር ሁሉንም ያድናል ብላችሁም አታስቡ። በጠንካራ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ኮፓው ጎን ይሸሻል። ፖምፑ አየር ይስባል። ጌጁ ላይ ግፊቱ በኩርባው ብቻ ወረድ ብሎ ሲመለስ ካያችሁ ያ የሙቀት ችግር አይደለም። ኮፓው ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ግድግዳ መበየድ አለበት። ይህንንም የሚነግራችሁ ጌጁ ነው።

የፊልትሮው መራቅ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ እሱን ሳልናገር አልቀርም። ፊልትሮው እጅ የሚደርስበት ቦታ ስለሚሆን በየውድድሩ ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ ማየት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብሮንዚናው ተነክቷል ማለት ነው። ሞተሩ ሳይሰበር ይደረስበታል። የተቀዳውን አሮጌ ዘይት ግን ወደ ቦይ የምትደፉ ሁሉ እባካችሁ ተዉ። የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ጣና እምቦጩ ይበቃዋል። በጀሪካን አጠራቅሙትና ለሚሰበስቡት ስጡ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን በመኪና ዓምዳችሁ ላይ በሥዕል አስደግፋችሁ እንድታወጡት ነው። የዘይቱ መዞሪያ በቀላል መስመር ይሳል፤ ሺህ ቃል ከምጽፍ ያ ይበልጣል። የውድድር አዘጋጆችም መኪና ሲመረምሩ ፍሬንና ቀበቶ ብቻ አይተው አይለፉ። ኮፈኑን ያስከፍቱ፣ በፋሸታ የታሰረ የዘይት ቱቦ ካዩ መኪናው አይግባ። ከባድ ውሳኔ ይመስላል፤ ልጁ ከሩቅ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አይግባ። ዕቃ አስመጪዎች ቱቦ ስትሸጡ የሚችለውን ሙቀትና ግፊት የሚያሳይ ጽሑፍ የሌለውን አትሽጡ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ክፍልም፣ እኛ ዛሬም ፖሊ የምንለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ መምህራንም አሉት። ወጣቶቹ ቱቦና መገጣጠሚያ ይዘው መጥተው በግፊት የሚፈትኑበት አንድ ቀን በወር ቢመድብ ብዙ ያድናል።

የልጁ ኮሮላ አሁን በልምምድ ላይ 112 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ግፊቱም አይወርድም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ወደ እኛ መሻገር ቀላል ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ለወጣቶች ክፍት ነው። የተቆረጡ ፊልትሮዎችን፣ ያ ያበጠ ቱቦን፣ ትክክለኛውንም ከጎኑ አስቀምጫለሁ። መጥታችሁ በእጃችሁ እዩት። ቱቦ ገዝታችሁ ከሆነ ሳትገጥሙት ይዛችሁት ኑ፣ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር

አንድ መካኒክ፣ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ